ሐዋሳ ስንሄድ የት እንደር?

ታኅሣሥ 18 ቀን አራት ሆነን ከቀበሌያችን ወደ ሐዋሳ ተጓዝን። ማግስቱ የገብርኤል በዓል ነው። በዓሉን አክብረን፣ ሐይቁንም አይተን ልንመለስ ነበር ሐሳባችን። የያዝነው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከመሳፈሪያና ከምግብ የሚተርፈው ለአንድ ሌሊት አልጋ ብቻ ነበር።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከተማዋ ሐይቅ ዳር ስለሆነች እንግዳ ይበዛባታል። ሆቴሉም ብዙ ነው። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያሠራው ትልቅ ሆቴል ሐይቁ ዳር አለ። የእኛ ኪስ የሚችለው ግን ተራውን አልጋ ቤት ነው።

ከአውቶቡስ እንደወረድን አንድ ደላላ ተቀበለን። «እማማ፣ አልጋ ፈልገው ነው? ዛሬ ከተማው ሞልቷል። ቶሎ ካልያዛችሁ ውጪ ማደራችሁ ነው» አለ። ደነገጥንና ተከተልነው። አልጋ ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ለአንድ ክፍል 800 ብር ጠየቀን። ለሁለት ክፍል 1600 ብር ከፈልን። ክፍሉን ግን ቀድመን አላየንም። ደረሰኝም አልተቀበልንም።

ስንገባ የበሩ ቁልፍ አይሠራም። አንሶላው ሰው ያደረበት ነው። ከቧንቧው ውሃ አይወርድም። «ገንዘባችንን መልስልን» ብንል «የተከፈለ አይመለስም» አለን።

ከእኛ ጋር አንዲት አዛውንት እናት ነበሩ። ማንበብ የተማሩት አምና ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀስ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ልጄ፣ እዚህ የተጻፈው አንድ ክፍል 500 ብር ነው። አንተ የተቀበልከን 800 ነው። እውነቱ የቱ ነው?» አሉት።

ሰውየው ዝም አለ። ቆይቶ 600 ብር መለሰልን። ያን ሌሊት በሩን በወንበር ደግፈን አደርን።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ወደ ሐይቁ ወረድን። ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር ይኬዳል። ከዚያ በባጃጅ አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ መረብ ያወርዳሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ጾም ስለነበር ዓሣውን አይተን ብቻ አለፍን። በተመለሰልን ገንዘብ ግን ሽሮ በልተን፣ ተሳፍረን አገራችን ገባን።

ከዚህ ጉዞ የተማርነው ይህን ነው፦

1. ማረፊያ ከሄድንበት ጉዳይ ጋር ይስማማ። ለበዓል የሄደ በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ቢያድር ይሻለዋል። ሐይቅ ዳር ነፋሱ ደስ ይላል፤ ቢምቢ ግን አለ። ቢምቢ ወባ ታስተላልፋለች፤ አጎበር መኖሩን እንጠይቅ።

2. ለገብርኤልና ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ከተማው በሰው ይሞላል። በጊዜ እንድረስ፤ ከመሸ ምርጫ የለም።

3. ሳንከፍል ክፍሉን እንይ። ቁልፉን፣ አንሶላውንና ውሃውን እንፈትን።

4. የተለጠፈውን ዋጋ እናንብብ። ደረሰኝ እንቀበል፤ በላዩ የተጻፈውንም እንይ።

እንወያይ፦ እናንተስ ከተማ ስትሄዱ አልጋ የምትይዙት እንዴት ነው? ማንበብ በመቻላችሁ ገንዘባችሁን ያዳናችሁበት ጊዜ አለ?