የጓሳው ምስር

ወግዲ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ወጥ ሲያማስል ቢታይ የሰፈር መሳቂያ ይሆን ነበር። ጌታን ካገኘሁ በኋላ ብዙ ነገሬ ተለወጠ፤ ይህ ግን ሳይለወጥ ቀረ። አዲስ አበባ ትዳር ይዤ፣ ሦስት ልጆች ወልጄ፣ በአጥቢያችን በሽማግሌነት ሳገለግል እንኳ ለባለቤቴ ሻይ አፍልቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ የሽማግሌዎች ስብሰባ፣ ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ ደግሞ የባለትዳሮች ምክር ነበረኝ። አዎን፣ የሰው ትዳር እመክር ነበር! ቤቴ ስገባ ልጆቹ ተኝተው፣ እራቴ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ጠብ አልነበረንም። የምንነጋገረው ግን ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የልጆቹ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ ባለቤቴ "ሁለት ሌሊት ብቻ ስጠን" አለችኝ። "ስጠኝ" ሳይሆን "ስጠን" ማለቷን ያኔ ልብ አላልኩም።

የሄድነው መንዝ፣ ጓሳ ነው። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በማኅበረሰቡ ሎጅ ያረፈ እንግዳ ቀለቡን ይዞ ሄዶ ራሱ ያበስላል። እኛም እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስርና ሽንኩርት ጭነን ደረስን።

ከፍታው ይሁን ድካሙ፣ ባለቤቴን ገና በመጀመሪያው ማታ ራሷን አሞአት ተኛች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትልቋ ልጃችን "አባዬ፣ እራት ማን ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዙሪያዬን አየሁ። ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ሽንኩርቱን አሳረርኩት። ምስሩ ደግሞ አልበስል አለ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ስለሆነ ጥሬው ቶሎ እንደማይበስል ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ አማሰልኩ። እግሬ ሲዝል፣ ዓይኔ ሲያነባ፣ ባለቤቴ በየቀኑ የምትቆመውን አሰብኩ።

ልጆቹ እየሳቁ በሉ። ለእርሷ በሳህን ይዤላት ገባሁና አጎረስኳት። እንባዋ ወረደ።

"መረረሽ እንዴ?" አልኳት።

"የለም። ካጎረስከኝ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሠርጋችን ዕለት ነበር" አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ "አገልግሎትህን አልተቃወምኩም። ግን ናፍቀኸኛል" አለች።

ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሰውዬ የምመልሰው አጣሁ። "ይቅር በይኝ" ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ልጆቹን ይዤ ወጣሁ። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ ጅብራው በየኮረብታው ቆሟል። ልጆቹ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ሲያዩ ጮኹ። በእኔም አገር፣ ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለው በድንቆሮ ጫካ፣ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም እንዳለ ነገርኳቸው። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ይህ አውሬ ቀን ለየብቻው ይጥ ያድናል፤ ማለዳና ማታ ግን ከቤተሰቡ ጋር ይገናኛል። ቀበሮ እንኳ ማታ ቤተሰቡን ያስባል!

የጓሳ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ሲጠብቁ ኖረዋል። ሦስትና አምስት ዓመት ዘግተው ያቆዩትና፣ ሲደርስ ለቤት ክዳን በጋራ ያጭዱታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጠባቂ ያጣው ሣርም ተመናመነ። ኋላ ሕዝቡ እንደገና ደንብ አውጥቶ ጠበቀው። ያንን ሳስብ ቤቴ ታየኝ። የእኛን ሣር ማንም ጠላት አላቃጠለውም። ጠባቂ አጥቶ ነው ያለቀው።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። የሰበክሁት ግን ስለ ጴጥሮስ ጥሪ ነበር። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ ለደከሙት ደቀ መዛሙርት ቁርስ ማቅረቡን አልፌው እሄድ ነበር። እርሱ ያላፈረበትን እኔ አፈርኩበት።

ከተመለስን በኋላ ሐሙስ ማታን "ጥብቅ ሥፍራ" አልነው፤ ስብሰባም ስልክም አይገባበትም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አፈረስኩት። ባለቤቴ አልተቆጣችም፤ "ሣሩ ተነጨ" ትለኛለች። እኔም ይገባኛል።

ወንድሞቼ፣ ለትዳር ጊዜ የሚተርፈው ከሥራና ከአገልግሎት በኋላ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። አይተርፍም። አጥሩለት። ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁም ማጀቱ ቅርብ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ምስሩን የምሠራው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ይበስላል።