የልጄ ጣፊያ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

ባለፈው ክረምት የስድስት ዓመት ልጄን መተሐራ አያቷ ዘንድ ልኬያት ነበር። ስትመለስ ወባ ይዛት መጣች። መድኃኒቷን ጨርሳ ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላ፣ የቡና ጎረቤቴ ሆዷን ዳሰስ አድርጋ «ይህቺ ልጅ ጣፊያዋ አብጧል» አለችኝ። የእናት ሆድ ይህን ሰምቶ እንዴት ይችላል! በማግሥቱ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት።

የአልትራሳውንድ ባለሙያው ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን በግራ ጎኗ ላይ እያንሸራተተ ለካ። ይህ ምርመራ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ልጄ «ይኮረኩረኛል» እያለች ስትስቅ፣ እኔ ዐይኔን ከመስኮቱ ላይ አልነቀልኩም። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ጣፊያ 9 ሳንቲ ሜትር» ተብሎ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። ዕድሜዋን የጠየቀ፣ ቁመቷን የለካ ግን አልነበረም። ቤት ገብቼ ዓምና እኔ ራሴ የታየሁበትን ወረቀት ፈልጌ ባወጣ የእኔው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። እናትና የስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይበላለጣሉ? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

የሕፃናት ሐኪሟ ግን ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ መጀመሪያ ልጄን ግድግዳ አስጠግታ አቆመቻት፤ 118 ሳንቲ ሜትር ሆነች። ከዚያም ሰንጠረዥ አሳየችኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ 230 ልጆች በአልትራሳውንድ ተለክተው የተዘጋጀ ነው። የጣፊያ ርዝመት ወሰኑ ለሦስት ወር ሕፃን 6፣ ለሁለት ዓመት 8፣ ለስድስት ዓመት 9 ተኩል፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። ለካስ ጣፊያ በልጅነት ቶሎ ያድግና ኋላ ዝግ ይላል! «በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ቁመታቸው ስለሚለያይ ቁመትም መታየት አለበት» አለችኝ። እንደ እኔ የምትደነግጡ እናቶች ካላችሁ፣ የልጃችሁን ዕድሜና ቁመት ሳታስጽፉ አታስለኩ።

የተለኩት ልጆች የእኛ አገር ልጆች ስላልሆኑ ሐኪሟ በሰንጠረዡ ብቻ አልፈረደችም፤ በእጇ ዳሰሰች፣ ደም አስመረመረች። ጣፊያ በወባ የተጠቁ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያጣራ በሕመሙ ጊዜ ሊያብጥ እንደሚችል፣ ከሕክምና በኋላ ግን ቀስ በቀስ እንደሚመለስ አስረድታኝ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲለካ አዘዘች።

ሁለተኛው ልኬት 8 ተኩል ሆነ። ሁለቱንም ቁጥሮች ከነቀኑና ከነቁመቷ በክትባት ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፈችልኝ። ጎረቤቴ ግን ዛሬም ቡና ሲፈላ የልጄን ሆድ መዳሰሷን አልተወችም።