ሴት ልጅ ስትወለድ የሚጣል አቼቶ

እኛ ቤት አቼቶ ማለት በላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ፣ ሰላጣ ላይ ጠብ የሚደረግ ነገር ነው። ቃሉ የጣሊያን መሆኑን ባውቅም አገሩ ድረስ ሄጄ አየዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ባለፈው ክረምት ቦሎኛ የምትኖረው ልጄ ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። ጎረቤቷ የሆኑ አሮጊት "የአባቴን ቤት ላሳያችሁ" ብለው በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ተጉዘን ሞዴና ገባን።

አቼቶው ምድር ቤት ያለ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቆጥ ላይ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነውና ጣሪያው ሥር ያለው ሙቀት ያፍናል። የሚፈለገውም እሱ ነው። በሙቀቱ ወራት ውሃው እየተነነ ይወፍራል፤ በብርዱ ያርፋል፣ ይጠልላል። በርሜሎቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል፤ የኦክ አለ፣ የቼሪ አለ፣ የጥድም አለ። አየር እንዲያገኙ አፋቸው በጨርቅ ብቻ ተሸፍኗል።

የወይኑ ጭማቂ በክፍት ድስት በዝግታ በስሎ ከጠቆረ በኋላ ይፈላል፣ ይኮመጥጣል። ከዚያ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ከትንሿ በርሜል ጥቂት ይቀዳል፤ የጎደለው ከሚቀጥለው ይሞላል፣ እንዲህ እያለ ትልቁ በርሜል አዲስ ጭማቂ ይጨመርበታል። "ባህላዊ" ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ 12 ዓመት፣ "በጣም የቆየ" ለመባል 25 ዓመት ይፈልጋል። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሱፐርማርኬት የምናየው የሞዴና አቼቶ ግን የወይን አቼቶና ጭማቂ ተቀላቅሎ ቢያንስ 60 ቀን የቆየ ነው፤ እኔ አልንቀውም፣ ለሰላጣ ይበቃል።

የቆየውን እሳት ላይ አይጥዱትም። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩት፤ እንደ ማር ወፍራም፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው። ፓርሚጃኖ አይብ ላይ፣ እንጆሪ ላይ ወይም ከእሳት የወረደ ሥጋ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ነው የሚያደርጉት።

"እነዚህን እኔ ስወለድ አባቴ ጣለ፤ እነዚያን ደግሞ እኔ ለልጄ" አሉ አሮጊቷ። በድሮው ወግ ሴት ልጅ ስትወለድ ተጀምሮ ስትዳር ይዛው ትሄዳለች። የእሳቸው ልጅ ግን ውጭ አገር ናት፤ "ይሸጥ" ትላለች። ካልሞሉት ትንሿ በርሜል ትደርቃለች፣ የእሳቸው ጉልበት ደግሞ ደረጃውን እንቢ ብሏል።

ልጄ አራስነቷን ረስታ "እኔ እመጣለሁ" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በጥር ስደውልላት፣ "ዛሬ ሞላን፣ እማዬ፤ እኔ ስቀዳ እሳቸው ሕፃኗን ታቅፈው፣ አፈሰስሽ እያሉ ሲቆጡኝ ዋሉ" አለችኝ።