የድሬ ሽቦ ለምን ይረግባል?

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የመጀመሪያው በ1895 ዓ.ም. በእንፋሎት እየተነፈሰ ደረሰላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግን ኃይሉን የሚወስደው ከአናቱ ካለው ሽቦ ነው። ድሬ ሄዳችሁ ቀና ሳትሉ አትመለሱ!

እኔን ቀና ያስባለኝ የከዚራ ጎረምሳ ዘመዴ ነው። ‹‹ማይንክራፍት›› ጨዋታ ላይ ሰፈሩን እየገነባ አገኘሁት። አጥር ደራርቦ ምሰሶ፣ ሰንሰለት ቀጣጥሎ የመብራት ሽቦ! ሽቦው ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

‹‹የኛ ሰፈር ሽቦ ረግቦ ያሳፍራል አቦ! እኔ ወጠርኩት›› አለኝ።

ይዤው ወጣሁ። ቀጥ ባሉት የከዚራ ጎዳናዎች አልፈን፣ ደቻቱን ተሻግረን፣ ጠመዝማዛው መጋላ ገባን። ሽቦው የትም ረገብ ብሏል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሽቦ በሙቀት ይረዝማል፣ ሲበርደው ያጥራል። በድሬ ቀትር ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሽቦ ሌሊት ምሰሶውን ይጎትታል፤ ሊበጠስም ይችላል። መርገቡ በልክ ከሆነ ሙያ ነው።

ሰው የሚደርስበት ድረስ ከወረደ ግን ቀልድ የለም። ራቁ፣ ለመብራት ኃይል ንገሩ!

ልጁስ? በየምሰሶው መሀል ሰንሰለቱን አንድ አንድ ብሎክ ዝቅ አደረገው። አሁን ድሬን መሰለች።