ልጄ የት እንዳለች አልነገሩኝም

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስሠራ፣ ቅንድባቸው ተሰንጥቆ ወይም ክንዳቸው ተሰብሮ የመጡ ስንት ሴቶችን እንዳከምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላቸው «ደረጃ አዳልጦኝ» ይሉኛል። ባልየው አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። እኔም የነገሩኝን ካርዱ ላይ ጽፌ፣ ቁስሉን ሰፍቼ እሸኛቸዋለሁ። አንዷን አልረሳትም። ሰፈሯን አውቀው ነበር፤ ደረጃ ያለው ቤት የለበትም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ገዛ ልጄ ነው። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት አንድ ማታ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታዋለች። ገለጥ አድርጌ ሳየው መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በሥራዬ የማውቀው ቁስል ነው። አጥቤ፣ እራት አብልቼ አስተኛኋት። ሲነጋ ግን ቡና አፈላሁና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አስጠራሁ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል። ትዳርሽን ቻይው፤ ልጅሽን ያለ አባት አታሳድጊ» አልናት። ባሏ መጥቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። መረቅናቸው። እሷ አንድ ቃል ሳትናገር ልጇን አዝላ ተከትላው ሄደች።

ከአራት ወር በኋላ እንደገና ሲደበድባት ወደ እኔ አልመጣችም። በሌሊት በሯን የከፈተችላት ጎረቤቷ ናት። ሐኪም ቤት ወስዳ አሳከመቻት፣ ፖሊስ ጣቢያም አብራት ሄደች። ከዚያ ልጄና የልጅ ልጄ ወደ ሴቶች መጠለያ ተላኩ። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን በስልክ ነው። «እማዬ፣ ደህና ነን፤ አትፈልጊን» አለችኝ። ስልኩን ለተቀበለቻት ሠራተኛ «እናቷ ነኝ እኮ! የት ናችሁ?» አልኳት። «ይቅርታ እናቴ፣ አድራሻውን ለማንም አንናገርም» አለችኝ።

ያን ሌሊት በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኋላ ግን ገባኝ። አድራሻው የሚደበቀው ደብዳቢው ተከታትሎ እንዳይደርስባቸው ነው። ደግሞስ ቢነግሩኝ ምን አደርግ ነበር? ሽማግሌ ይዤ እሄድ ነበር።

በመጠለያው ስድስት ወር ቆየች። ምግብና አልጋ ብቻ አይደለም ያገኘችው፤ ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ የጠበቃ ድጋፍና የልብስ ስፌት ሥልጠናም አግኝታለች። በአገራችን እንዲህ ያለ መጠለያ ከከፈቱት አንዱ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ደግሞ ፆታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ሐኪም፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ።

እኛ ስናድግ ሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶታል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ ዱላ «የቤት ገመና» አይደለም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ ከጠየቁትም ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰባቸው ነው። እንግዲህ ከፖሊስም ከሐኪምም በፊት የሚንኳኳው የእኛ በር ነው ማለት ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ልጃችሁ ስትመጣ ለብቻዋ አነጋግሯት፤ የምትለውንም እመኗት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷትና እውነቱን ትናገር። ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገ በፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፤ እኔ የጻፍኩት «ደረጃ አዳልጧት» ግን ለማንም አልጠቀመም። አንገቷን አንቋት ከሆነ ምልክት ባይታይም ሳትውል ሳታድር ትታይ፤ ጉዳቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። ተደፍራ ከሆነ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ። ሽምግልና መልካም ባህላችን ነው፤ ስለ ንብረትና ስለ ልጆች ይነጋገሩበት። የተደበደበችን ሴት ወደ ደብዳቢዋ መመለሻ ግን አታድርጉት።

ልጄ ዛሬ በራሷ ስፌት ልጇን ታሳድጋለች። እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ መጥተው ቡና እንጠጣለን። አንድ ቀን «ያን ጊዜ ምን ባደርግልሽ ነበር የምትፈልጊው?» ብዬ ጠየቅኳት። «‹እዚሁ እደሪ፣ ነገም እዚሁ ነሽ› እንድትዪኝ ብቻ ነበር» አለችኝ።

እኔ በጊዜው አላልኳትም። እናንተ ግን በሉ።