ወደ ራስ የሚሄድ ነገር

እንግሊዞች መጠጥ ለበረታበት ሰውና ሹመት ላኮራው ሰው አንድ ዐይነት አነጋገር አላቸው። ስለ ሁለቱም «ወደ አናቱ ሄደበት» ይላሉ። እኛም ስለ ጠጅ ሲሆን «ራሱ ላይ ወጣ» እንላለን፤ ስለ ኩሩው ግን «ልቡ አበጠ» ወይም «ጠገበ» ነው የምንለው። እነርሱ እብጠቱን ከራስ ላይ ሲያዩት፣ እኛ ከልብ ላይ እናየዋለን ማለት ነው።

አንድ ቀን በዐሥረኛ ክፍል ስለ አንድ ኩሩ ሹም የሚናገር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሰጥቼ ተማሪዎቼ ወደ አማርኛ እንዲመልሱት አዘዝሁ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ቃል በቃል «ሹመቱ ወደ ራሱ ሄደ» ብሎ ጻፈ። እኔም ደብተሩን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አነበብሁትና «ታዲያ ወደ ጎረቤቱ ሊሄድ ኖሯል?» ብዬ ጨመርሁበት። ክፍሉ በሣቅ አውካካ፤ ልጁም አቀረቀረ።

በምሳ ሰዓት ይህንኑ ቀልድ ለባልደረቦቼ ደገምሁት። ሁሉም ሲሥቁ አንድ ሽማግሌ የአማርኛ መምህር ብቻ ዝም አሉ።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ራስ ማለት አናትም ነው፤ የገዛ ሰውነትም ነው። ሹመት ሰውን የሚያሰክረው ወደ ሕዝቡ መሄዱ ቀርቶ ወደ ራሱ ብቻ ሲሄድ አይደለም?»

ቀጥለውም ሻያቸውን ፉት እያሉ «ይልቅስ አንተ ልጄ፣ ዛሬ በጠዋት ምን ጠጥተህ ገባህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። በዚያ ጠዋት ጠጅ በአፌ አልዞረም፤ ነገር ግን ምን እንደ ጠጣሁ ወዲያው ገባኝ።

የሰከረውን ሰው እንግሊዞች «ሦስቱ ገመዶቹ ለነፋስ ተለቀዋል» ይሉታል። አነጋገሩ የመርከበኞች ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1821 ለንደን ላይ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ገመዶቹ ሸራውን ወጥረው የሚይዙ ናቸው። በተለቀቁ ጊዜ ሸራው በነፋስ ይርገበገባል፤ መርከቢቱም እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። እኚያ ሽማግሌ በዚያ ቀን ከገመዶቼ አንዱን ያዙልኝ።

መጠጥ ያሰከረው ሰው በማግሥቱ ራሱን ሲያመው መስከሩን ያውቀዋል። ኩራት ያሰከረው ሰው ግን ማግሥት የለውም። ተማሪው መምህሩን፣ ጸሐፊውም አለቃውን «ሰክረዋል» ለማለት አይደፍርምና፣ ስካሩ ዓመታትን ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በቢሮም ሆነ በትምህርት ቤት ደፍሮ የሚነግረን አንድ ሰው ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

በማግሥቱ በዚያው ክፍል ፊት ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ነጥቡንም አስተካከልሁለት። እርሱም ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። ሆኖም ያ ልጅ ዛሬም ጥያቄ ለመመለስ እጁን ከማንሣቱ በፊት አስቀድሞ ፊቴን ያያል።