ሌክሰስ በመረሬ ምድር፦ ከሆለታ እስከ ጌዶ

ሆለታ። ወደ ምዕራብ ሸዋ የወጣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ያገለገለ ቅንጡ መኪና ገዝቶ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ሰው ከመኪናው ጋር እንዴት ይዘልቃል? መኪናውንም መርጫለሁ፤ ሌክሰስ አር ኤክስ። በ1990 ዓ.ም. ለአሜሪካ ገበያ ሲቀርብ ለዚህ ዓይነቱ መኪና ፈር ቀዳጅ ነበር። ቁመናው የመስክ መኪና ይመስላል፤ ሥረ መሠረቱ ግን የካምሪ ነው። የተሠራውም ለለስላሳ አስፋልት ነው። በዚህ መንገድ ደግሞ ተጎታቹ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ጋሪው ጠርዙ በተበላ አስፋልት ላይ እየተጋፉ ያልፋሉ።

ባለቤቶቹ ለምን እንደሚሳሱለት ለመረዳት ከቀረጡ መጀመር ይሻላል። ሞተሩ ከ1800 ሲሲ ስለሚበልጥ ከፍተኛው የኤክሳይስ እርከን ውስጥ ይገባል። ለዓመታት በተሠራበት ስሌት፣ 100 ብር በሚያወጣ መኪና ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመር 135 ይሆናል። በዚያ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ሲታከል 270 ይደርሳል፤ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደራረቡበት 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይሆናል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ኤክሳይሱ ይከብድበታል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ እንደማይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ሀገር ውስጥ ያለ አር ኤክስ ሸጠው አዲስ የሚተኩት መኪና መሆኑ ቀረ።

አዲስ ዓለም። ማርያምን ከኮረብታዋ ሥር ተሳልሜ አለፍኩ። የምፈልጋቸው ሰዎች ከዚያ ወዲያ ነበሩ።

ጊንጪ። ምድሩ መረሬ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። በላዩ የተነጠፈ መንገድም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። አስፋልቱ ደህና በሚመስልበት ቦታ እንኳ መኪናው ሳይታሰብ የሚዋዥቀው ለዚህ ነው። ሾክ አብዞርበርና ጎሚኒ የሚያልቀውም ጉድጓድ ውስጥ በመግባት ብቻ አይደለም፤ ይህ የማያቋርጥ መዋዠቅም ይጨርሰዋል።

እዚህ ያገኘኋቸው አንድ የጤፍ ነጋዴ አር ኤክስ 330 አላቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቡና እየጠጣን “ጋሼ፣ ሲገዙት ስንት ነድቶ ነበር?” አልኳቸው።

“ደላላው 120 ሺህ አለኝ፤ አየሁትም፣ እውነቱን ነው። ማይል መሆኑን ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ።”

120 ሺህ ማይል 193 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። የዚህ ሞተር የታይሚንግ ቀበቶ በ90 ሺህ ማይል፣ ማለትም በ145 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መቀየር አለበት። ነጋዴው ይህን የሰሙት ከገዙ ከወራት በኋላ ከአንድ የአምቦ ሜካኒክ ነው። ቀበቶው ሲወጣ ጥርሶቹ ሊረግፉ ደርሰው ነበር። ሁለተኛውን ነገር ያወቁት ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት፣ መኪናው ከእርሻ ዳር ተይዞ ሲቀር ነው። “አራቱም ጎማ ይስባል” ተብለው ነበር የገዙት። ሥሩ ገብተው ሲያዩ የኋላ ዲፍረንሻል የለውም። አሜሪካ ውስጥ ከተሸጡት አር ኤክሶች ብዙዎቹ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው፤ በአራቱም የሚስቡትም ቢሆኑ ከባድ ማርሽ የላቸውም፤ ከመሬት ያላቸው ከፍታም እንደ እውነተኛ የመስክ መኪና አይደለም።

“አሁን መረሬው ሲርስ ከአስፋልት አላወርደውም” አሉኝ። “ወደ አውድማ በአይሱዙ እሄዳለሁ። እሱን የምነዳው ወደ ባንክ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ሸገር ነው።” እኚህን ሰው አከበርኳቸው። የመኪናውን ልክ ለይተው አውቀዋል፤ ከልኩ በላይ አይጠይቁትም። በዚህ መንገድ ያየኋቸው ደህና የቆዩ መኪኖች ሁሉ እንዲህ ያለ ባለቤት ያላቸው ናቸው።

አምቦ። ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እዚህ ብዙ የቆየሁት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሜካኒኩ በልጅነቱ ጎሚስታ ቤት ጀምሮ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነው። አንድ አር ኤክስ 350 ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ ከስድስቱ ካንዴላዎች ሦስቱ ከፊት ይታያሉ፤ ሦስቱ ግን ከኋላ፣ በንፋስ መስታወቱ በኩል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ተደብቀዋል። እነሱን ለማውጣት የላዩን ክፍል መፍታት ግድ ነው።

“ሌሎች ቤቶች የፊቶቹን ሦስት ቀይረው የስድስት ያስከፍላሉ” አለኝ። “ባለቤቱ ‘መኪናዬ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይበላል’ ብሎ ይመጣል። የኋላውን ስከፍት ካንዴላው ከአሜሪካ የመጣበት ነው።”

ቀጥሎ ያሳየኝ የዘይት ቱቦ ነው። በመጀመሪያዎቹ የ3.5 ሊትር ሞተሮች ላይ የቱቦው አንዱ ክፍል ላስቲክ ነበር። ሲያረጅ ስለሚቀደድና ዘይቱን በአፍታ ስለሚያፈስ አምራቹ በኋላ ሙሉውን ብረት አድርጎታል። ሜካኒኩ አዲስ የመጣለትን አር ኤክስ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው። ላስቲክ ካገኘ ሌላ ሥራ አይጀምርም። የራዲያተር ውሃም ሌላው ጭንቀቱ ነው። የአምቦ ማዕድን ውሃ በካልሲየም፣ በማግኒዚየምና በባይካርቦኔት የበለጸገ ነው፤ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። መንገድ ላይ ሲጨንቃቸው ጠርሙስ ሙሉ ራዲያተሩ ውስጥ የሚገለብጡ አሉ፤ ቅርፊቱን የሚጠርገው ሜካኒኩ ነው።

ዕቃ የሚመጣው ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። አውቶቡስ ላይ ተጭኖ፣ ካርቶኑ ላይ ስልክ ተጽፎበት። እዚህ ያሉ ባለቤቶች ዋናው ዕውቀታቸው “የሌክሰስ” ብሎ አለመጠየቅ ነው። ይኸው ሞተር በካምሪ፣ በሃይላንደርና በሲዬና ላይም ስላለ “የካምሪ ቪ ስድስት” ያለ ሰው ቶሎና በረከሰ ያገኛል። የመብራትና የመስታወት ነገር ግን መፍትሔ የለውም፤ የፊት መብራቱ የተሰበረበት ሰው ወራት ይጠብቃል።

የ350ው ባለቤት መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ናት። ሜካኒኩ በአክብሮት “አዴ” እያለ ነው የሚጠራት፤ በዕድሜ ቢበልጣትም። ለምን ይህን መኪና እንደመረጠች ስጠይቃት ስለ እናቷ ነገረችኝ። እናቷ የዳሌ ሕመምተኛ ናቸው፤ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይመላለሳሉ። “እማዬ በሚኒባስ ሄዳ ከተመለሰች ሁለት ቀን ከአልጋ አትነሳም ነበር። አሁን ሆለታ ሳንደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።” ደርሶ መልሱ 30 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን የምትቀዳው ወረፋ ይዛ፣ በቴሌብር ከፍላ ነው፤ በጀሪካን ከሚሸጡት ገዝታ አታውቅም፤ የተበከለ ነዳጅ ፓምፑን ይገድለዋል ብላ ትፈራለች። ጥር ሲመጣ ደግሞ መኪናው የእሷ ብቻ አይሆንም። የዘመድ ሙሽራ የሚሄድበት እሱ ነው፤ እምቢ ማለትም አይቻልም። ወንድሟ እንዲነዳው ብቻ ትለምናለች።

እንዲህ ያለው መኪና ከተማ ውስጥ የታይታ ተብሎ ሲታማ ሰምቻለሁ። እኔ አምቦ ያየሁት ግን ምቾት ለታመመ አካል ሲውል ነው፤ ያንን ምቾት በሌላ መንገድ ማግኘት እዚያ አይቻልም።

ጉደር። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር። እዚህ፣ ለንጽጽር ያህል፣ አንድ የጀርመን ሥሪት መኪና ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ የአየር ሰስፔንሽኑ ወርዶ ሆዱ መሬት ሊነካ ደርሷል። ስህተቱን የሚያነብ ኮምፒውተር አምቦ ስላልተገኘ በጎታች መኪና አዲስ አበባ መሄድ አለበት። የጎታቹ ዋጋ ባለቤቱን አሳስቦታል። ሌላ የሚባል የለም።

ጌዶ። መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ አየሩም ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአምቦ ከፍታ፣ በ2100 ሜትር ገደማ፣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ጌዶ ሲደርስ ከዚያም ይበልጣል። ሙሉ ቤተሰብ የጫነ ትንሽ መኪና ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ባለ 3.5 ሊትሩ ትርፍ ስላለው ዝም ብሎ ይወጣል። ከጌዶ ወዲያ ወደ ባኮ፣ ወደ 1650 ሜትር፣ ሲወርድ ደግሞ ፈተናው የፍሬን ሸራ ነው።

ጌዶ ውስጥ አር ኤክስ ካለው አንድ መምህር ጋር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ተነጋገርን። አይጠላውም። “መብራት ሳይቆራረጥ የሚያድርበት ሳምንት ሲመጣ አስባለሁ” አለኝ። እስከዚያ ድረስ ያለውን ማኖር ነው ሥራው። በቅርቡ እሱና ሌሎች ሁለት የአር ኤክስ ባለቤቶች፣ አንዱ የጊንጪው ነጋዴ ናቸው፣ ገንዘብ አዋጥተው የተጋጨ አር ኤክስ ገዝተዋል። ለመንዳት አይደለም፤ ለመፍታት ነው። አምቦ ጋራዥ ግቢ ውስጥ አስቀምጠውታል። ማን ምን እንደሚወስድ በደብተር ጽፈው ሦስቱም ፈርመዋል። የፊት መብራቶቹ የመምህሩ ናቸው፤ በሮቹና መስታወቶቹ ቀድሞ ለተሰበረበት። ስለ ካምቢዮው ግን ተከራክረዋል፤ አንድ ብቻ ነውና። በመጨረሻ የተስማሙት ቀድሞ የተበላሸበት እንዲወስደውና ለሁለቱ ድርሻቸውን በወቅቱ የመርካቶ ዋጋ እንዲከፍል ነው። ዋጋውን የሚጠይቀው ሜካኒኩ ይሆናል።